ጓጉንቸር የተደረገበት የሬሳ ሣጥን

ሰላም ናችሁ ቤተሰቦች። ያለፈውን ጨዋታ እቀጥላለሁ ብዬ ነበር፣ አውቃለሁ፤ ይቆየን። ሰሞኑን አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል፤ እሱን ሳልተነፍስ ሌላ ወሬ አይመጣልኝም።

ብራሃምዳግ ቡግቲ። ጄኔቫ የሚኖረው፣ ባሉቺስታን ከፓኪስታን ተገንጥላ ነጻ አገር ትሁን የሚለው የባሉች ሪፐብሊካን ፓርቲ መሪ። ስለ እሱ ላነብ ገብቼ የአያቱ ቀብር ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ።

አያቱ ናዋብ አክባር ቡግቲ የጎሣው አለቃ ነበሩ። በአንድ ወቅት የባሉቺስታን አገረ ገዥ፣ በሌላ ወቅት ደግሞ የግዛቷ ዋና ሚኒስትር። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር ከያኔው የፓኪስታን ፕሬዚዳንት ከሙሻራፍ መንግሥት ጋር ተጣልተው ተራራ ገቡ። በፈረንጆቹ 2006፣ ኦገስት 26፣ የተሸሸጉበት ዋሻ ተደረመሰባቸው። ባሉቾች ጦሩ ገደላቸው ይላሉ፤ መንግሥት ዋሻው በፍንዳታ ተናደ አለ። ሴፕቴምበር 1 በትውልድ አካባቢያቸው ዴራ ቡግቲ ተቀበሩ። ሣጥኑ ላይ ጓጉንቸር ነበረበት። ሁለት ጓጉንቸር።

ቆይ፣ ቀስ ብዬ ልበለው። የእንጨት ሣጥን ነው። ዙሪያውን የጸጥታ ኃይል። ልጆቻቸው የሉም፤ እነሱ ሬሳውን ስጡንና የግዛቷ ዋና ከተማ ክዌታ እንቅበር ሲሉ ነበር። በእስልምና እኮ ሬሳ ታጥቦ፣ በከፈን ተጠቅልሎ ነው አፈር የሚገባው፤ ሣጥኑ ራሱ የተለመደ አይደለም። እነዚህ ሣጥን አመጡ፣ ቆለፉት፣ እንደተቆለፈ አወረዱት። ሬሳ ይቆለፋል? የት ይሄዳል ተብሎ ነው? ቁልፉስ ማን ኪስ ውስጥ ገባ?

እኛ ዘንድ እንኳ፣ ስንቱ ሰው መርዶ በስልክ ሰምቶ ሬሳ ሳያይ ዓመታት ይቆያል። ውስጡ አንዲት «ምናልባት» አትጠፋም። ያቺ ምናልባት ሰው ትበላለች።

ደግሞ ያ አገር ምን ያለው አገር መሰላችሁ! የሱይ ጋዝ የሚባለው የተፈጥሮ ጋዝ የተገኘው እዚያው ዴራ ቡግቲ ነው፣ በ1952። በ1955 ካራቺ ደረሰ። የራሳቸው ዋና ከተማ ክዌታ ግን ጋዙን ያገኘችው በሰማንያዎቹ ነው። ጉድጓዱ ደጃቸው ሆኖ እነሱ እንጨት ሲለቅሙ… ይህ ሲያናድደኝ ከነገሬ ያስወጣኛል፤ ልመለስ።

የልጅ ልጁ ብራሃምዳግ አያቱ ሲሞቱ በሃያዎቹ ውስጥ ነበር። አፍጋኒስታን ሸሸ፣ በ2010 ስዊስ ገባ። በ2012 ጃንዋሪ ካራቺ ውስጥ እህቱን ከነልጇ መኪና ውስጥ ተኩሰው ገደሏቸው። ልጅቷ ገና ልጅ ናት። እና ይኸው ሰው በ2015 ለቢቢሲ ኡርዱ ምን አለ? ሕዝቡና ጓዶቹ ከፈለጉ የነጻነት ጥያቄውን ለመተው ዝግጁ መሆኑን ተናገረ።

መጀመሪያ ሳነበው ደስ አለኝ። በቃ፣ ሰው መሞት ይቁም ብሎ ነው አልኩ። ቆይቶ ደግሞ ቆጨኝ። እሱን ሰምቶ ተራራ የወጣው ልጅስ? ሞቶ የቀረውስ? ስለ አጎቴ የሌሊት የፓርቲ ስብሰባ ስንት ጊዜ አውርቻችኋለሁ። እዚህ ሳሎን ተቀምጦ የሚነገር ቃል እዚያ የሰው ነፍስ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ… የባሉች ታጣቂዎቹም እኮ የቀን ሥራ ፍለጋ ከሌላው የፓኪስታን ግዛት ከፑንጃብ የመጣ ምስኪን ገድለዋል። ፓኪስታን አንዱን ቡድን ብራሃምዳግ ነው የሚመራው ትላለች፤ እሱ አልመራም ይላል። ያ የተገደለው ሠራተኛም እናት አለው።

ከዚያ በ2016 ለህንድ ጥገኝነት ጠየቀ። በ2017 ኖቬምበር ከስዊስ ኔጋቲቭ መጣለት፤ የጥገኝነት ጥያቄህ ውድቅ ሆኗል የሚለው ደብዳቤ። ከሰባት ዓመት በኋላ! እዚህ ያላችሁ ያቺን ደብዳቤ ታውቋታላችሁ፤ ፖስታውን ሳትከፍቱ እጃችሁ የሚከብደውን። አገር እመሠርታለሁ የሚል ሰው ወረቀት ሲጠብቅ… አላውቅም። ሲያነበው ማን አጠገቡ ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ካሪማ ባሉችም አለች፤ ካናዳ የተሰደደችው የባሉች ተማሪዎች ድርጅት መሪ የነበረችው። በ2020 ዲሴምበር ቶሮንቶ ውስጥ ሞታ ተገኘች። ፖሊስ ወንጀል አልታየኝም አለ፤ ቤተሰቧ አልተዋጠለትም። ሬሳዋ በጃንዋሪ አገሯ ሲገባ የጸጥታ ኃይሎች ተረክበው የትውልድ ቦታዋ ቱምፕ ወሰዱት፤ የሞባይል ኔትወርክ ተቋረጠ፣ ሕዝቡ እንዳይቀብራት መንገድ ተዘጋ። አሥራ አራት ዓመት አልፎ፣ ያው ቀብር!

እና እላለሁ፣ ብራሃምዳግ ያኔ በ2015 ጥያቄውን ለመተው ዝግጁ ነኝ ሲል ደክሞት ነው? በስሎ ነው? ወይስ ከሩቅ ሆኖ ለመናገርም ሆነ ለመተው መብት የለኝም ብሎ ነው «ሕዝቡ ከፈለገ» ያላት? እሷን ቃል ነው የማመላልሰው። ግን ሕዝቡን ማን ይጠይቀው? እንዴት ተብሎ፣ ኔትወርክ በሚጠፋበት አገር… አጎቴ ቢሰማኝ ይቆጣል፣ እሱ መሪ አይለሳለስም ባይ ነው። እኔ ግን… እንጃ። ትናንት አንድ ነገር መስሎኝ ነበር፣ ዛሬ ደግሞ…