ጃካራንዳን በግቢ ውስጥ ማሳደግ፦ ከቦታ መረጣ እስከ ገረዛ

[ምስል፦ ቅጠሉ ረግፎ በሐምራዊ አበባ የተሸፈነ ጃካራንዳ]

ተራኪ፦ ጃካራንዳ የደቡብ አሜሪካ ዛፍ ነው። በበጋ ቅጠሉን ያራግፍና አዲሱ ሳይወጣ ያብባል። ሙሉ ዛፍ ሲሆን ቁመቱ 15 ሜትር፣ ጥላው 10 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከመቆፈራችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ሥሩ ጠንካራ ስለሆነ ከቤት መሠረት፣ ከቧንቧና ከሴፕቲክ ታንክ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። የረገፈ አበባው ሲረገጥ ያንሸራትታል፤ ከደረጃና ከመተላለፊያም አርቁት።

[ምስል፦ ጉድጓድ ሲፈተሽ]

የችግኙ ዋነኛ ጠላት የተኛ ውኃ ነው። ጉድጓዱን 60 ሴንቲ ሜትር በ60፣ ጥልቀቱንም 60 አድርጋችሁ በውኃ ሙሉት። በማግስቱም ውኃው ካልሰረገ እዚያ አትትከሉ፤ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ዋልካ መሬት ላይ ይህ ደጋግሞ ያጋጥማል። መላ አለው፤ አፈሩን ከፍ አድርጎ ከምሮ ጉብታው ላይ መትከል።

ክረምቱ ሲገባ፣ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ ትከሉ። የላዩን አፈር ሁለት እጅ፣ በደንብ የበሰለ ብስባሽ አንድ እጅ ቀላቅሉ። ያልበሰለ ፍግ ሥር ያቃጥላል። የችግኙን ፕላስቲክ ሙሉ በሙሉ አውልቁ፤ ከታች የተጠማዘዘ ሥር ካለ ቁረጡት፤ አለዚያ እየዞረ ራሱን ያንቃል። ግንዱ ከሥሩ የሚነሳበት ቦታ ከመሬቱ ጋር እኩል ይሁን፣ አይቀበር።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች በሳምንት አንድ ጊዜ 20 ሊትር ያህል በዝግታ አጠጡ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማጠጣት ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል። ዙሪያውን አፈሩን በደረቅ ሣር ወይም ቅጠል ጉዝጓዝ አልብሱት፣ ግን ጉዝጓዙ ግንዱን አይንካ።

[ምስል፦ አናቱ የተቆረጠ ዛፍ፣ ቀጥ ያሉ ቀንበጦች]

ገረዛ ላይ ብዙ ዛፍ ይበላሻል። አናቱ ሲቆረጥ ቀጥ ብለው የሚወጡ ደካማ ቀንበጦች ይበዛሉ፤ ጃንጥላ መሰል ቅርጹም አይመለስም። ችግኙ ሳለ አንድ ዋና ግንድ ብቻ አስቀሩ፤ ተፎካካሪውን ገና ጣት ሳያክል ቁረጡ። ከዚያ በኋላ የደረቀና እርስ በርሱ የሚፋተግ ቅርንጫፍ ብቻ ይነሳ።

ከዘር የበቀለ ጃካራንዳ ለማበብ 7 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። አበባው ዘገየ ብላችሁ የናይትሮጅን ማዳበሪያ የሆነውን ዩሪያ አትጨምሩ፤ ናይትሮጅን ሲበዛ ቅጠል እንጂ አበባ አያወጣም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ማግኘቱን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።