ካሳው ለማን ተከፈለ?

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ውድ አድማጮች፤

ስለ ባርነት ተጠያቂነት በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ «እኔ ባሪያ ገዝቼ አላውቅም፣ አንተም ተሽጠህ አታውቅም፤ ታዲያ ማን ለማን ነው የሚክሰው?» ብዙ ቅን ሰዎች ከልባቸው ይጠይቁታልና በንቀት አላልፈውም። መልሱን ከመዝገብ ልጀምር። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እንግሊዝ በ1833 በቅኝ ግዛቶቿ ባርነትን የሚያስቀር ሕግ ስታወጣ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ መደበች። ይህ በጊዜው የመንግሥቱን የዓመት ወጪ 40 በመቶ ያህል ነበር። ገንዘቡ የተከፈለው ለባሪያ አሳዳሪዎቹ ነው። ነፃ ለተባሉት ወደ 800 ሺህ ለሚጠጉ ሰዎች አንዲት ፔኒ አልደረሰቻቸውም።

የካሳ ኮሚሽኑ ሰዎቹን በየመደቡ ከፋፍሎ ነው የተመነው። የእርሻ ሠራተኛ፣ የእጅ ባለሙያ፣ የቤት አገልጋይ እያለ ይወርድና «ያረጁ፣ የታመሙ ወይም ለሥራ የማይበቁ» የሚል መደብ ላይ ይደርሳል። ሌላም አለ፤ በኦገስት 1 ቀን 1834 ስድስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት። እኔ ሁልጊዜ እዚህ መስመር ላይ እቆማለሁ። ሕፃናቱ በሕጉ መሠረት በዚያው ቀን ነፃ ወጥተዋል፤ ገና አገዳ ቆርጣ ለማታውቅ የአራት ዓመት ልጅ ግን ዋጋ ተጽፎ፣ ዋጋውን ጌታዋ ወሰደ። እርሻ ላይ የነበሩት ወላጆቿ ደግሞ «ተለማማጅ» ተብለው፣ እስከ 1838 ድረስ በሳምንት እስከ 45 ሰዓት ለዚያው ጌታ ያለ ደመወዝ እንዲሠሩ ተደረገ።

መንግሥት ለዚህ ካሳ በ1835 ተበደረ። የብድሩን ርዝራዥ ከፍሎ የጨረሰው በ2015 ነው። የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ከነበሩት ከጃማይካና ከባርቤዶስ መጥተው በለንደን አውቶቡስ የነዱ፣ በሆስፒታል በሽተኛ ያስታመሙ የእነዚያ ሰዎች ተወላጆች ግብር ሲከፍሉ ኖረዋል። ያ ግብር ይህን ዕዳም ከፍሏል። «ያለፈ ነገር ነው» ለሚለኝ ሰው የማሳየው ይህን ዓመት ነው።

የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት የነበረችው ሄይቲ ደግሞ ታግላ ራሷን ነፃ አውጥታ ሳለ፣ በ1825 የፈረንሳይ የጦር መርከቦች ደጇ ቆመው 150 ሚሊዮን ፍራንክ እንድትከፍል ተገደደች። ኋላ ወደ 90 ሚሊዮን ዝቅ ቢልም፣ ካሹ ባሪያ የነበረው ነው፤ ተካሹም አሳዳሪው።

«አፍሪካውያንስ አልሸጡም ወይ?» ሸጠዋል። ዛሬ ቤኒን በምትባለው አገር የነበሩት የዳሆሜ ነገሥታት ምርኮኛ እየሸጡ ከብረዋል፤ የቤኒኑ ፕሬዚዳንት ማቲዩ ኬሬኩ በ1999 ስለዚህ በአደባባይ ይቅርታ ጠይቀዋል። ሻጭ ድርሻውን ማመኑ የገዢውን ድርሻ አይሰርዘውም።

በደም የሚወረስ ወንጀል ግን የለም። ነጭ ሆኖ የተወለደ ልጅ በመወለዱ ጥፋተኛ ነው የሚል ካለ አልቀበለውም፤ እንዲህ ያለው ንግግር ጥቁርና ነጭን ያራርቃል እንጂ የማንንም ቁስል አያሽርም። መንግሥት ግን እንደ ሰው አይሞትም። «የአባት ዕዳ ለልጅ» ይባላል፤ በ1835 ፈርሞ የተበደረው ግምጃ ቤት ዛሬም አለ፣ ለአበዳሪዎቹ የገባውንም ቃል 180 ዓመት ሙሉ ጠብቆ ከፍሏል። ለዚያች የአራት ዓመት ልጅ ወገኖች ሲሆን ነው ጊዜው ረዘመ የሚባለው።

«ማን ለማን?» የሚለውን ጥያቄ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ጥቁርና ነጭ እርስ በርስ እንዲጠያየቁበት አንተወው። ከዚህ በኋላ በሚቀጥለው ክርክር ጥያቄውን ለግምጃ ቤቱ አቅርቡልኝ።

አመሰግናለሁ።