ጉዳቱ ከኤክሰስ ብዙም ሳይበልጥ ሲቀር

የተከበራችሁ ነጋዴዎችና የድርጅት ባለቤቶች፣

ኤክሰስ ማለት ከእያንዳንዱ ጉዳት ላይ ባለንብረቱ ራሱ የሚሸፍነው መጠን ነው። ኤክሰሱ 50 ሺህ ብር በሆነ የመድን ውል የ62 ሺህ ብር ጉዳት ሲደርስ፣ ባለንብረቱ 12 ሺህ ብር ካሳ ይጠብቃል። ስሌቱ ግን ብዙ ጊዜ ከመነሻው የተሳሳተ ነው።

መጋዘን ውስጥ ቧንቧ ፈንድቶ የ62 ሺህ ብር ሸቀጥ ተበላሸ እንበል። ሸቀጡ በሙሉ 2 ሚሊዮን ብር ያወጣል፤ መድን የተገባለት ግን በ1.2 ሚሊዮን ብር ነው። መድን የገባው ከዋጋው ለ60 በመቶው ብቻ ስለሆነ፣ በብዙ ውሎች ከጉዳቱም የሚታሰብለት 60 በመቶው፣ ማለትም 37,200 ብር ነው። ይህ ከኤክሰሱ ያንሳል። የሚከፈል ነገር የለም! ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የምታስገቡት ዕቃ ዋጋው ሲንር፣ በመድን ውላችሁ ላይ የሰፈረው መጠን ግን እናንተ ካላስተካከላችሁት ባለበት ይቆያል። እባካችሁ፣ ውላችሁን ከማደሳችሁ በፊት ሸቀጣችሁን በዛሬ ዋጋ ቁጠሩ።

በተሽከርካሪ በኩል ደግሞ ካሳ ሳይጠይቅ ለቆየ ደንበኛ የሚሰጠው የአረቦን፣ ማለትም ለመድኑ የሚከፈለው ዋጋ፣ ቅናሽ አለ። 12 ሺህ ብር ተቀብሎ በእድሳት ጊዜ የ20 ሺህ ብር ቅናሽ ማጣት ኪሳራ ነው። እንዲህ ሲሆን ካሳውን መተው ተገቢ ነው።

አደጋውን ማሳወቅ ግን ፈጽሞ አይተው። ማሳወቅና ካሳ መጠየቅ ለየቅል ናቸው። በመጀመሪያ ግምት 45 ሺህ ብር የተባለ ጥገና፣ ጋራዡ መኪናውን ሲፈታ ሻንሲው ተጣሞ ተገኝቶ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የማሳወቂያው ቀን ካለፈ ጥያቄው ውድቅ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ስለዚህ ወዲያውኑ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ፎቶግራፍ አንሡ፤ የተበላሸውን ዕቃ ገማቹ ሳያየው አትጣሉ።

ኤክሰሱን ለማለፍ ሲባል ፕሮፎርማ አስጨምሩ የሚላችሁን አትስሙ። ማጭበርበር ነው፤ እውነተኛውን ካሳ ጭምር ያሳጣችኋል።

ሰው ከተጎዳ ደግሞ የኤክሰስ ስሌት ውስጥ አትግቡ። ተጎጂውን አሳክሙ፣ ለፖሊስና ለመድን ድርጅታችሁ አሳውቁ፤ የመድን ድርጅታችሁ ሳያውቅ በሽምግልና የካሳ ስምምነት አትፈርሙ። ዛሬ ቀላል የመሰለ የእግር ጉዳት ከወራት በኋላ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል።

አመሰግናለሁ።