ኤሌክትሪክ መኪና ያዋጣል ወይ? መጀመሪያ የሚያድርበትን ቦታ እንይ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ክፍል በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ጠዋት ሥራ፣ ማታ ቤት፣ በመሃል ልጆችን ማድረስና ገበያ ለሆነበት አሽከርካሪ ኤሌክትሪክ መኪና መያዝ ያዋጣል ወይ? ይህ ወሬ ሲነሳ ሰው ሁሉ ቶሎ ብሎ የሚጠይቀው «አንዴ ከሞላ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» የሚለውን ነው። ለእኔ ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ። መኪናው የት ነው የሚያድረው? እዚያ ቦታ በራሳችሁ ቆጣሪ የሚሠራ ሶኬት አለ? «አለ» ካላችሁ ግማሹ ጉዳይ አልቋል። «የለም» ካላችሁ ረጋ ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል።

ለምን እንደሆነ በሒሳብ እንየው። መካከለኛ መጠን ያለው ኤሌክትሪክ መኪና 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። 18 ብለን እንያዘው። ቆጣሪው ላይ የሚነበበው ግን ከዚህ ይበልጣል፤ መብራቱ በመኪናው ቻርጀር በኩል አልፎ ባትሪው እስኪገባ ድረስ ከ10 እስከ 15 በመቶው ይባክናል። ስለዚህ የምትከፍሉት ለ20 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። እኩያው የቤንዚን መኪና ለዚያው መንገድ 7 ሊትር ይፈጃል እንበል። 7ን ለ20 ስታካፍሉት 0.35 ይመጣል። መለኪያችሁ ይኼው ነው፦ የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ሲሶ በታች ከሆነ፣ ኤሌክትሪኩ በየኪሎ ሜትሩ ይረክሳል። የቤት መብራት በአብዛኛው ከዚህ መስመር በታች ነው። በየመንገዱ የሚገኙት ፈጣን ቻርጀሮች ግን ብዙ ጊዜ ወደ መስመሩ ይጠጋሉ፤ የሚያልፉትም አሉ። ሁልጊዜ በእነሱ የሚሞላ ሰው ከቤንዚኑ መኪና ዋጋ በላይ የከፈለውን ገንዘብ የሚያስመልስበት መንገድ ይጠበዋል።

እስቲ ቤት በመሙላት የሚተርፈውን ገንዘብ በሊትር ቤንዚን እንቁጠረው፤ ገንዘቡ የየትኛውም አገር ቢሆን ሒሳቡ ይሠራል። የቤታችሁ ኪሎ ዋት ሰዓት የአንድ ሊትር ቤንዚንን አንድ አሥረኛ ቢያወጣ፣ በኤሌክትሪክ 100 ኪሎ ሜትር መሄድ 2 ሊትር እንደመግዛት ነው። ከ7ቱ ሊትር 5ቱ ተረፈላችሁ ማለት ነው። በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው የ750 ሊትር ዋጋ ይተርፈዋል፤ 5,000 ብቻ የሚነዳ ግን የ250። የሁለቱን መኪኖች የዋጋ ልዩነት በዓመት ለሚተርፋችሁ ገንዘብ አካፍሉትና ስንት ዓመት እንደሚወስድ እዩ። ከሰባት ስምንት ዓመት በላይ ከወጣ፣ ለቁጠባ ብላችሁ ባትገዙ ይሻላል። ይህን የምለው ኤሌክትሪክ መኪናን ጠልቼ አይደለም፤ በጣም ነው የምወደው። ነገር ግን ትንሽ ለሚነዳ ሰው «ወዲያው ወጪህን ትመልሳለህ» ማለት እሱን ማታለል ነው።

አሁን ወደ ሶኬቱ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ችግር የሚፈጠረው እዚህ ነው። በ230 ቮልት ከሚሠራ ተራ ሶኬት 10 አምፔር ብትወስዱ 2.3 ኪሎ ዋት ነው። በቀን 50 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው የሚያስፈልገው 10 ኪሎ ዋት ሰዓት አራት ሰዓት ተኩል ያህል ፈጅቶ ይሞላል፤ ተኝታችሁ ሳለ ማለት ነው። 120 ቮልት በሚሠራበት አገር ፍጥነቱ 1.4 ኪሎ ዋት ያህል ስለሆነ ሌሊቱን በሙሉ ይፈልጋል። ስለዚህ አብዛኛው ሰው በመጀመሪያው ቀን ውድ የግድግዳ ቻርጀር መግዛት አያስፈልገውም።

ችግሩ ሶኬቱ ለዚህ ዓይነት ሥራ ያልታሰበ መሆኑ ነው። የሻይ ማፍያ ብዙ ኃይል ቢወስድም በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። መኪናው ግን ለሰዓታት ሳያቋርጥ ይስባል። ከሶኬቱ ጀርባ ሽቦውን የያዘችው ቡሎን ላልታ ግማሽ ኦም ብቻ መቋቋም ብትፈጥር፣ በ10 አምፔር 50 ዋት ሙቀት እዚያች ነጥብ ላይ ይጠራቀማል። መበየጃ ካውያ ሶኬት ውስጥ ቀብሮ እንደማደር ነው። መጀመሪያ ፕላስቲኩ ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥሎ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል፣ ከዚያ ይቀልጣል።

ስለዚህ በመጀመሪያው ምሽት ቻርጀሩን ሰክታችሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ ፕለጉን በእጃችሁ ዳስሱት። ለብ ካለ ደህና ነው። እጃችሁን አላስቆይ ካለ ግን አቁሙት፤ ባለሙያ ሳያየው መልሳችሁ አትሰኩት። ካየው በኋላም በመኪናው ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ ወደ 6 ወይም 8 አምፔር ዝቅ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ሙቀቱ በአምፔሩ ካሬ ስለሚለካ ከ10 ወደ 6 ሲወርድ ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። ትክክለኛው መፍትሔ ከዋናው ሳጥን በቀጥታ የሚመጣ፣ ሌላ ምንም ዕቃ የማይጋራው መስመር ነው፤ ለተራ ሶኬት ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ መስመሩ ከረዘመ ባለ 4። ባለ 32 አምፔር የግድግዳ ቻርጀር ካስገጠማችሁ ከ6 አይነስ። መብራት ሲያፈስ ፈጥኖ የሚቆርጥ የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። ማራዘሚያ ገመድ አትጠቀሙ፤ በተለይ ተጠቅልሎ ያለ ከሆነ ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ልናገር። የመሬት ሽቦ በሌለበት ቤት ቻርጀሩ ቀይ መብራት አብርቶ አልሠራም ይላል። ይህን ለማለፍ የመሬቱን ጫፍ ከሌላ ሽቦ ጋር የሚያገናኙ ሰዎች አሉ። በፍጹም አታድርጉት። አንድ ቀን የመኪናው አካል መብራት ይይዛል፣ እሱን የሚነካው ደግሞ ልጅ ሊሆን ይችላል።

ቤት ውስጥ መሙላት የማይችሉስ? የሥራ ቦታችሁ ባለ 7 ኪሎ ዋት ቻርጀር ካለው በሳምንት ሁለት ቀን መሰካት ይበቃችኋል፤ ያው ቤት እንደመሙላት ነው። ሁለቱም ከሌለ፣ እኔ ብጠየቅ ኤሌክትሪኩን ትቼ በ100 ኪሎ ሜትር ከ4 እስከ 5 ሊትር የሚፈጅ ሃይብሪድ (ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አጣምሮ የሚሄድ መኪና) እመክራለሁ። ፈጣን ቻርጀር ከ10 እስከ 80 በመቶ ያለውን ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ይሞላል፤ ከ80 በኋላ ግን ባትሪው እንዳይጎዳ ኮምፒውተሩ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ፣ የቀረው 20 በመቶ ያንኑ ያህል ጊዜ ሊወስድ ይችላል። መንገድ ላይ ስትሆኑ 80 ላይ ንቀሉና ቀጥሉ።

ስለ ርቀቱ ብዙ አልልም። የሚለጠፈው ቁጥር በየትኛው ፈተና እንደወጣ እዩ፤ የቻይናው ሲኤልቲሲ በጣም ለጋስ ነው፣ የአውሮፓው ደብሊውኤልቲፒ ይከተለዋል፣ የአሜሪካው ኢፒኤ ለእውነታው ይቀርባል። መኪናውን ከፊት የሚገታው አየር በፍጥነቱ ካሬ ስለሚጨምር፣ በ120 ስትነዱ በ90 ከሚገጥማችሁ 1.8 ጊዜ ያህል ይከብዳል። በብርድ አገር ደግሞ ማሞቂያው ብቻ መጀመሪያ ላይ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ዋት ሊወስድ ስለሚችል ርቀቱ በሲሶ ቢቀንስ አትደንግጡ። መኪናውን ገና ቻርጀር ላይ ሳለ አሙቁት፤ ከዚያ በኋላ የወንበር ማሞቂያውን ተጠቀሙ፣ ከመቶ ዋት ብዙም አይበልጥም። በቀን 50 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ከ40 እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ከበቂ በላይ ነው። በዓመት ሁለቴ ለሚኬድ መንገድ ብሎ ትልቅ ባትሪ መግዛት ዓመቱን ሙሉ የማይፈለግ ክብደት መጎተት ይመስለኛል።

ባትሪውን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ዓይነቱን እወቁ። ኤንኤምሲ (ከኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት የሚሠራው) ከሆነ ለዕለት ተዕለት 80 በመቶ ላይ አቁሙት፤ መቶ የሚሞላው ጉዞ ሊጀመር ሲል ብቻ ነው። ኤልኤፍፒ (ከብረትና ፎስፌት የሚሠራው) ከሆነ ግን በሳምንት አንድ ጊዜ እስከ መቶ ሙሉት። የዚህኛው ቮልቴጅ ከሙሉ እስከ ባዶ ድረስ ብዙም ስለማይለዋወጥ፣ ኮምፒውተሩ ስንት እንደቀረ በትክክል የሚያውቀው ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው። ካልሞላችሁት ቁጥሩ ይዛባና መንገድ ላይ በድንገት ሊወርድባችሁ ይችላል። ሁለቱንም የሚጎዳው ሙሉ ሆኖ በሙቀት መቆም ነው። በ2010 መጨረሻ ለሽያጭ የቀረበው ኒሳን ሊፍ ባትሪው በፈሳሽ ስለማይቀዘቅዝ፣ በሞቃት አካባቢዎች አቅሙ ቶሎ መውረዱ ለሁሉም ትምህርት ሆኗል። ዛሬ አብዛኞቹ አምራቾች ለ8 ዓመት ወይም ለ160,000 ኪሎ ሜትር አቅሙ ከ70 በመቶ እንደማይወርድ ዋስትና ይሰጣሉ።

ጥገናው ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። የሞተር ዘይት፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን የለም። እግራችሁን ከፔዳሉ ስታነሱ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ስለሚይዘው የፍሬን ሸራ ለዓመታት ይቆያል። ጣጣውም የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ ፍሬኑ ብዙ ጊዜ ሳይነካ ስለሚቆይ ዲስኩ ይዝጋል፣ የካሊፐሩ ፒኖች ይጣበቃሉ። በዓመት አንዴ አስፈትታችሁ አስጸዱና ግሪስ አስቀቡ፣ በየሳምንቱም ጥቂት ጊዜ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል። ጎማ ቶሎ ያልቃል፣ መኪናው ከእኩያው በመቶዎች ኪሎ ግራም ስለሚከብድ፤ ስትቀይሩ ጎማው ላይ የተጻፈው የክብደት ቁጥር ከፋብሪካው አይነስ። ባለ 12 ቮልቷን ትንሽ ባትሪም አትርሱ። ዋናውን ባትሪ የሚያገናኙት ኮንታክተሮች የሚሠሩት በእሷ ነው፤ ስትሞት 80 በመቶ የሞላ መኪና በሩን እንኳ አልከፍት ይላል።

ያገለገለ ልትገዙ ከሆነ፣ ኤሌክትሪክ መኪና ዋጋው ቶሎ ስለሚወርድ ጥሩ ዕድል ልታገኙ ትችላላችሁ። ብቻ በኦቢዲ ማንበቢያ (ከመኪናው የምርመራ ሶኬት ጋር የሚሰካ መሣሪያ) የባትሪውን ቀሪ አቅም በመቶኛ አንብቡ። በጣም ከፍተኛና በጣም ዝቅተኛ ቮልቴጅ ባላቸው ሴሎች መካከል ያለውን ልዩነት እዩ፤ መኪናው ቆሞ ሳለ ከ100 ሚሊ ቮልት በላይ ከሆነ የደከመ ሴል ሊኖር ስለሚችል ዋጋ ከመነጋገር በፊት በባለሙያ ይታይ። ከሥር ገብታችሁ የባትሪው ሳጥን ተመቶ እንደሆነ ተመልከቱ። ከዚያ በዘገምተኛው ሶኬትም በፈጣኑም ለአሥር አሥር ደቂቃ ሰክታችሁ አስሞሉት። አንዱ ብቻ የሚሠራ መኪና አለና፤ የተበላሸው በውስጡ ያለው ቻርጀር ከሆነ ማስቀየሩ ውድ ነው። የመሰኪያውንም ዓይነት አረጋግጡ፤ ሲሲኤስ 2፣ ጂቢቲ ወይም ቻዴሞ ሊሆን ይችላል። በምትኖሩበት አካባቢ ካሉት ቻርጀሮች ጋር ካልገጠመ፣ አስማሚው ተገኝቶ በሙሉ ፍጥነት ሲሞላ በዓይናችሁ ሳታዩ ቀብድ አትክፈሉ።