ሌባ ሻይ በእንግሊዝ አገር፦ «ሙንስቶን»ን ስናነብ

እንዴት ሰነበታችሁ ቤተሰብ! ዛሬ የእንግሊዛዊውን ደራሲ የዊልኪ ኮሊንስን «ሙንስቶን» እንጀምራለን፤ ስለ ጠፋ አልማዝ የሚያወራ የመርማሪ ልብ ወለድ ነው። ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ አትደንግጡ።

ግን ቆይ። ባለፈው ቪዲዮ ሥር «መጀመሪያ ሼርሎክ ሆምስ መነበብ አለበት፣ የመርማሪ ልብ ወለድ የተጀመረው በሱ ነው» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። አይደለም! ሼርሎክ ብቅ ያለው በ1887 ነው። «ሙንስቶን» በ1868። 19 ዓመት ሙሉ! ያኔ የሼርሎክ ደራሲ ገና የስምንት ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ሼርሎክን አልጠላውም፤ ግን ታላቅ ወንድሙ እያለ የበኩር ልጅ አትበሉብኝ።

ደግሞ 1868 ስላችሁ፣ በፈረንጆቹ ነው፣ ምን ትዝ አላችሁ? መቅደላ! ልብ ወለዱ ከጥር እስከ ነሐሴ ለንደን ውስጥ በየሳምንቱ በመጽሔት ይወጣ ነበር። መሃል ላይ፣ በሚያዝያ፣ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ዘረፈ። የልብ ወለዱ አልማዝስ? በ1799 ሕንድ ውስጥ ሰሪንጋፓታም ስትወረር አንድ እንግሊዛዊ መኮንን የዘረፈው ነው። ይህን ሳገናኘው መጽሐፉን አጥፌ ቡና ላፈላ ተነሣሁ።

ታሪኩን ቶሎ ልበል፦ ራሔል የምትባል እንግሊዛዊት 18 ዓመት ሲሞላት አልማዙ በኑዛዜ ይደርሳታል፤ በዚያው ሌሊት ይጠፋል። ተራኪዎቹ ይፈራረቃሉ፤ እያንዳንዱ የሚያወራው ያየውን ብቻ ነው፣ ስለዚህ ማንንም ሙሉ በሙሉ አትመኑ። ዋናው ፍንጭ በር ላይ ያልደረቀ ቀለም ተነክቶ መበላሸቱ ነው። ቀለም የነካው ልብስ የማን ነው? እንለፍ።

አሁን ወደምወዳት ቦታ። መጀመሪያው አካባቢ ሦስት ሕንዶች አንድ ትንሽ ልጅ መዳፍ ላይ ጥቁር ቀለም ያፈሳሉ። ልጁ ትክ ብሎ ያያል፤ አልማዙን የያዘው ሰው በየት እንደሚመጣ ይጠይቁታል። ይሄማ የኛው ሌባ ሻይ ነው! (የሚጠጣው ሻይ አይደለም ወገን። «ሻ» ማለት ፈለገ፤ ሌባ ፈላጊ።) ድሮ በኛ አገር ሌባ ሲፈለግ አንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡ ነበር፤ ልጁ ይሰክራል፣ ወገቡን በገመድ አስረው ይለቁታል። እየተንገዳገደ ይሮጣል፣ መንደሩ በሙሉ ከኋላው። አንተ ደጅህ ላይ ቆመህ «እባክህ እለፈኝ» ትላለህ። ገብቶ ዘፍ ካለ? አለቀ፤ ሌባው አንተ ነህ። ክፈል!

በመጽሐፉ ግን ከለንደን መርማሪ ይመጣል። ስሙ ሳጅን ከፍ ነው፤ እውነቴን ነው፣ ከፍ። ቀጭን፣ ሽማግሌ፣ ጽጌረዳ ሲያይ ሥራውን የሚረሳ። መዳፍ ላይ የፈሰሰ ቀለም አያነብም፤ በር ላይ የተላከከውን ቀለም ግን ያነባል።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ። መጨረሻውን አልነግራችሁም። ስታነቡ ብቻ፣ የሌባ ሻዩን ልጅ ያጠጡትን ነገር ልብ በሉልኝ።