መዝገባችን የት ነው የሚያድረው?

በድሬዳዋ ለዕድርና ለማኅበር ጸሐፊዎች በተዘጋጀ ሥልጠና መክፈቻ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የዕድር ዳኞች፣ ጸሐፊዎችና ገንዘብ ያዦች፣ የዕቁብና የወጣት ማኅበራት ተወካዮች፤ በዚህ ሙቀት ከሳቢያን፣ ከገንደ ቆሬና ከለገሀሬ ተነሥታችሁ እዚህ ስለተገኛችሁ በቅድሚያ አመሰግናለሁ። የተሰጠኝ ርእስ በኢንተርኔት ብራውዘር ተከፍተው ያለ ክፍያ ስለምንሠራባቸው ፕሮግራሞች እንድናገር ነው። እኔ የኮምፒውተር ምሁር አይደለሁም። በከዚራ አንዲት ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለችኝ፤ ከዐሥር ዓመት በላይ ደግሞ የሰፈሬን ዕድር በጸሐፊነት አገልግያለሁ። ስለዚህ የማወራው ስለ አንድ መዝገብ ነው፤ እርሱም የእኛ ዕድር መዝገብ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ሰውና ቤት በወሰደ ጊዜ፣ ከጠፋው የሰው ሕይወት ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊጠራ ባይገባውም፣ መዝገባችንም የዚያን ጊዜው ጸሐፊ ቤት ከነሣጥኑ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ተገኘ። ቀለሙ ፈስሶ ገጹ ሁሉ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ማን እስከ የትኛው ወር እንደ ከፈለ፣ ማን ውዝፍ እንዳለበት ለማወቅ ሁለት እሑድ ሙሉ ተቀምጠን፣ አንዱ ለሌላው እየመሰከረ፣ የሚነበበውን መስመር ፀሐይ ላይ እያደረቅን እንደገና ጻፍነው። ከዚያ ወዲህ «መዝገቡ ከአንድ ቤት ውጭ ሌላ ማደሪያ ቢኖረው» የሚል ሐሳብ ከአእምሮዬ ወጥቶ አያውቅም።

የነጻዎቹ ፕሮግራሞች ነገር የማረከኝ በዚህ ምክንያት ነው። ጎግል እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2004 ጂሜይልን ሲከፍት ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ አንድ ጊጋባይት ማስቀመጫ እሰጣለሁ ብሎ ነበር፤ ሌሎቹ የሚሰጡት ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ስለነበረ፣ ቀኑም በፈረንጆቹ የቀልድ ቀን ስለነበረ፣ ብዙ ሰው ወሬውን ለቀልድ ወሰደው። ቀልድ አልነበረም። ገጹ ሙሉ በሙሉ እንደገና ሳይከፈት ከጀርባ ሆኖ መረጃ የሚልክና የሚቀበልበት ዘዴ ከጥቂት ዓመታት በፊት በብራውዘሮች ውስጥ ገብቶ ስለነበር፣ ቀድሞ ማንበቢያ ብቻ የነበረው ገጽ መጻፊያም፣ ማስሊያም፣ ሥዕል ማስተካከያም ሆነ። የአማርኛ ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በአንድ ዓይነት እንዲያነቡ በሚያደርገው ሥርዓት ውስጥ መካተቱ ደግሞ ለእንደ እኔ ዓይነቱ ጸሐፊ ትልቅ እፎይታ ነበር። እርሱ በየኮምፒውተሩ እስኪለመድ ድረስ በአንዱ የአማርኛ ፕሮግራም የጻፍነውን ደብዳቤ ደንበኛው በፍላሽ ይዞ ሌላ ቤት ሲከፍተው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይመጣ ነበር፤ ስድቡን የምቀበለው ግን እኔ ነበርኩ።

የዕድራችንን መዝገብ ጎግል ሺትስ ወደተባለው በብራውዘር የሚከፈት ሰንጠረዥ ያስገባልን አንድ የሰፈራችን ወጣት ነው። የሚገዛ ፕሮግራም የለም፣ የሚጫን ነገር የለም፣ ከፍላሽ የሚመጣ ቫይረስ የለም። ገንዘብ ያዣችን መጋላ ሱቋ ውስጥ ሆና በስልኳ የአንድ አባልን መዋጮ ስታስገባ፣ እኔ ከዚራ ሆኜ ባዶው ሳጥን በቀለም ተከቦ፣ ጽፋ ስትጨርስም ቁጥሩ ወዲያው ሲገባበት አያለሁ። መጀመሪያ ያየሁ ዕለት፣ አልደብቃችሁም፣ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ ዝም ብዬ ሳይ ቆየሁ። የዕድራችን ዳኛ ግን ነገሩን ባስረዳቸው «አቦ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብለው ጠረጴዛ ላይ ያለውን ወፍራም መዝገብ መታ መታ አደረጉት። የዚያን ጊዜ በሆዴ ሳቅሁባቸው።

ሥራ ከጀመርን በኋላ የመጀመሪያው ችግር የመጣው ከቀን መቁጠሪያው ነው። ሰንጠረዡ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ብቻ ነው። እኛ ቀን በቁጥር ስንጽፍ፣ ጥቅምት 30 ቀን የከፈለ አባል 30/2 ተብሎ ገባ። ለሰንጠረዡ ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 የለውም። ስለዚህ ቀን መሆኑን ሳይቀበል እንደ ተራ ጽሑፍ ያዘው፤ በቀን ቅደም ተከተል ስናስደረድር ያ አባል ከወሩ ወጥቶ ከዝርዝሩ ግርጌ ተጣለ። ጳጉሜማ ዐሥራ ሦስተኛ ወር ስለሆነች ጭራሽ አያውቃትም። ከሁሉ የባሰው የቅጣት ስሌቱ ነው። ጥር 30 እና የካቲት 1 ለእኛ ተከታታይ ቀናት ናቸው፤ ለሰንጠረዡ ግን 30/5 እና 1/6 ስለሆኑ በመካከላቸው ሜይ 31 የሚባል ቀን አለ። ማሽኑ ባልኖረ ቀን ሰው ያስቀጣል ማለት ነው። ዛሬ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ነው የምንጽፈው። ከእናንተ መካከል በአንድ ዓምድ የጀመራችሁ ካላችሁ፣ አባላት ሳይጣሉ ዛሬውኑ ለዩት።

ሁለተኛው ጣጣ የፊደላችን ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሠ እና ሰ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው። ስማቸው በ«ፀ» የሚጀምር አንዲት እናት አሉን። እኔ በ«ፀ» መዘገብኳቸው፤ ገንዘብ ያዣችን ስትፈልጋቸው በ«ጸ» ጽፋ ስላጣቻቸው አዲስ መስመር ከፈተችላቸው። ለአምስት ወራት ያህል በአንዱ መስመር በወቅቱ እየከፈሉ፣ በሌላው መስመር ውዝፍ ሲከማችባቸው ከረመ። በወር ስብሰባ ላይ ስማቸው ከባለ ዕዳዎች ጋር ሲነበብ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡና ደረሰኞቻቸውን አንድ በአንድ ቆጥረው አስቀመጡልኝ። ይቅርታ ጠይቄ ተቀመጥሁ፤ ምን እላለሁ? አሁን እያንዳንዱ አባል ቁጥር አለው፤ የምንፈልገውም በቁጥሩ ነው።

ስለ ኔትወርክ ለድሬ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሙከራ አገልግሎቱን በአገሪቱ በመጀመሪያ የከፈተው በእኛ ከተማ ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ አንዱ ሲደክም በሌላው መሞከር ተችሏል። ቢሆንም ፕሮግራሙ ነጻ ይሁን እንጂ ወደ ፕሮግራሙ የሚያደርሰው ፓኬጅ በብር ይገዛል፤ መዝገቡን በከፈትን ቁጥር ፓኬጃችን ይቀንሳል። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራበት መንገድም አለ፤ ግን አስቀድሞ፣ ኔትወርክ ባለበት ሰዓት መከፈት አለበት። ሰው የሚያስታውሰው ከጠፋ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። መዝገቡን ያስገባልን ወጣት አካውንቱን የከፈተው በራሱ ስልክ ቁጥር ነበር፤ ሁላችንም የምንገባው በዚያው በአንዱ አካውንት ነበር። ልጁ ሥራ አግኝቶ ወደ ውጭ አገር ሄደ። እኔም ለጥንቃቄ ብዬ የይለፍ ቃሉን ቀየርሁ። ወዲያው የገንዘብ ያዣችን ስልክ ከአካውንቱ ወጣ፤ «ግድ የለም፣ ነገ አስገባሻለሁ» አልኳት። በዚያው ሳምንት የሱቄ ኮምፒውተር ተበላሽቶ፣ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ተጭኖ መጣ። ልገባ ስል ይህ መሣሪያ አይታወቅም፣ ማረጋገጫ ቁጥር ወደ ስልክዎ ልከናል አለኝ። ወደ የትኛው ስልክ? ደወልሁ። አንዲት ድምፃቸው የሸመገለ እናት አንሥተው «ልጄ፣ እኔ ይህን ቁጥር ከገዛሁ ሦስት ወሬ ነው፤ ስለ ዕድር የማውቀው የለኝም» አሉኝ። በስልካቸው የደረሳቸውን ማረጋገጫ ቁጥር እንዲያነቡልኝ ለመንኳቸው፤ አጭበርባሪ መስዬአቸው ዘጉት። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ብሆን እዘጋ ነበር።

የማመለክትበት ቢሮ፣ የማነጋግረው ኃላፊ፣ በር ላይ የምቆምበት ግቢ አልነበረም። በጻፍሁ ቁጥር የሚመልስልኝ ማሽን ነበር፤ መልሱም አንድ ነበር። በወረቀት የታተመው የመጨረሻው ቅጂ የሰባት ወር ዕድሜ ነበረው። ሰባቱን ወር ከደረሰኝ ጉራጅ፣ ከገንዘብ ያዣችን የግል ማስታወሻና ከአባላት ቃል እንደገና ሰበሰብነው፤ ልክ በ1998ቱ ክረምት እንዳደረግነው። ጎርፉስ ቢያንስ ሣጥኑን መልሶልናል።

የዕድራችን ዳኛ አልወቀሱኝም፤ ወፍራሙን መዝገብ አምጥተው ፊቴ ማስቀመጣቸው ግን ከወቀሳ ይብስ ነበር። ያም ሆኖ ወደ ወረቀት ብቻ እንመለስ ያሉትን አባላት ተከራክሬ አሸነፍሁ። ምክንያቴም ይህ ነው፦ ስሕተቱ መዝገቡን እዚያ ማስቀመጣችን አልነበረም፤ እዚያ ብቻ ማስቀመጣችን ነበር። በነጻ የሚያስጠልለን ድርጅት ከእኛ ጋር ውል የለውም ማለት ይቻላል፤ ያለው ውል ሳናነብ «እስማማለሁ» ብለን የነካነው ነው። የሚጠቀመው ከማስታወቂያ፣ ወይም በነጻው ለምደን ወደሚከፈልበት ስንሻገር ነው፤ ይህ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ሐሳቡን መለወጥ መብቱ እንደ ሆነ ማወቅ አለብን። ጎግል ሪደር የተባለው የማንበቢያ አገልግሎት ብዙ ተጠቃሚ እያለው ሐምሌ 1 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። ያለ ገደብ ፎቶ ማስቀመጥ ይቻልበት በነበረው በጎግል ፎቶስም ከሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ የሚገባው ፎቶ በነጻ ከሚሰጠው 15 ጊጋባይት ላይ መቆጠር ጀምሯል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተከፈተ የግል አካውንትም ከታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሊሰረዝ ይችላል፤ በዓመት አንድ ቀን ብቻ የምትሰበሰቡ ማኅበራት ይህቺን ልብ በሉ።

ዛሬም የእኛ ዕድር መዝገብ ያው በጎግል ሺትስ ነው። ዳኛው፣ ገንዘብ ያዧና እኔ እያንዳንዳችን በራሳችን አካውንት እንገባለን፤ ማንም የማንንም የይለፍ ቃል አያውቅም። በየወሩ የመጨረሻ እሑድ ሰንጠረዡን በኤክሴል ዓይነት አውርደን በፍላሽ እናስቀምጣለን፣ አትመንም ዳኛው ፈርመውበት ከድንኳኑ ደረሰኞች ጋር ሣጥን ውስጥ ይገባል። የአባላት የመታወቂያ ፎቶ ግን እዚያ አይጫንም፤ ያ የእኛ አደራ እንጂ የማንም ማስቀመጫ አይደለም። ዳኛችን አሁን ስልካቸውን አውጥተው ያልከፈለ ሰው ስም በጣታቸው እየገፉ ሲፈልጉ አያቸዋለሁ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ነው የሚያነቡት።

ከሻይ በኋላ በየጠረጴዛው እየዞርሁ አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ፦ የማኅበራችሁ አካውንት የተከፈተበት ስልክ ቁጥር የማን ነው? ቁጥሩ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የማይጠራ ከሆነ፣ ማውረዱን ከማሳየቴ በፊት ከእናንተ እጀምራለሁ።