የተመለሰው መኪና የት ገባ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ወሬያችን በቆሎ ነው። አንድ የዱቄት ፋብሪካ «የአቅርቦት ሰንሰለቴ ዘላቂ ነው» ቢላችሁ ከየት ጀምራችሁ ታጣሩታላችሁ? ፋብሪካውን ለምሳሌ ያህል ቡሬ ላይ አድርጉት። በቆሎውን ከደምበጫ፣ ከጃቢ ጠህናን፣ ከሜጫ ይሰበስባል፤ ዱቄቱን ደጀንን አልፎ፣ አባይ በረሃን ተሻግሮ አዲስ አበባ ይልካል።

የእንዲህ ያለ ድርጅት ሪፖርት ሲከፈት መጀመሪያ የችግኝ ፎቶ ይመጣል፤ ቀጥሎ ጣሪያ ላይ የተዘረጋ ሶላር። ሶላሩን አልጠላሁም፤ መብራት በሄደ ቁጥር ጄኔሬተር ከማስነሳት ያድናል። ነገር ግን የአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው የሚመነጨው። ስለዚህ ወፍጮው ከመስመር የሚስበው ኃይል ብዙ ካርቦን የለበትም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ መብራቱን ከድንጋይ ከሰል ለሚያገኝ አገር የተሠራውን ቅጽ እንዳለ ይሞላና ትልቁን ነገር ትንሽ፣ ትንሹን ትልቅ አድርጎ ይወጣል።

የግሪንሃውስ ጋዝ ፕሮቶኮል የሚባለው መመዘኛ ልቀትን ሦስት ቦታ ይከፍለዋል። ስኮፕ 1 ድርጅቱ ራሱ የሚያቃጥለው ነው፤ ናፍጣ፣ ማገዶ። ስኮፕ 2 የሚገዛው ኤሌክትሪክ ነው። ስኮፕ 3 የቀረው ሁሉ ነው፤ ከገበሬው ማሳ እስከ ደንበኛው ምጣድ፣ በ15 ምድብ። የእህል ነገር ያለው ሦስተኛው ውስጥ ነው፣ ሪፖርቱ ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ባዶ የሚተወው እሱ ነው።

እስክሪብቶ ያዙና አብረን እናስላ።

አንድ ሄክታር በቆሎ 2 ኩንታል ዩሪያና 2 ኩንታል ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ገባበት እንበል። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው፣ ስለዚህ 92 ኪሎ። ኤንፒኤስ 19 በመቶ፣ 38 ኪሎ። ድምሩ 130 ኪሎ ናይትሮጅን። የዓለም አቀፉ የአየር ንብረት ፓነል ቀላሉ ስሌት ከዚህ 1 በመቶው ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ይተናል ይላል፤ 1.3 ኪሎው ናይትሮጅን የኦክስጅኑ ክብደት ሲጨመርበት 2.04 ኪሎ ጋዝ ይሆናል። ይህ ጋዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 እጥፍ ያሞቃል። ሲባዛ 558 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ይሆናል፤ ከዚህ በኋላ ባጭሩ «ካርቦን» እለዋለሁ። ዩሪያው አፈር ውስጥ ሲፈርስ የሚለቀው ሌላ 147 ኪሎ አለ። በጠቅላላው 705 ኪሎ ገደማ። ማሳው 50 ኩንታል ከሰጠ፣ በኩንታል 14 ኪሎ። ማዳበሪያው ውጭ አገር ሲመረት የወጣው ገና አልተቆጠረም።

አሁን መኪናውን እንየው። 400 ኩንታል የጫነ ተሳቢ ከቡሬ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። አባይ በረሃ ላይ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ይወጣል። በ100 ኪሎ ሜትር 45 ሊትር ቢጠጣ 180 ሊትር፤ ባዶውን ሲመለስ 120 ሊትር። አንድ ሊትር ናፍጣ 2.68 ኪሎ ካርቦን ነው። ድምሩ 804 ኪሎ፣ በኩንታል 2 ኪሎ።

አሥራ አራት ለሁለት። ሰው ግን ዓይኑ ጭሱ ላይ ነው፤ ማሳው አይጨስማ።

ታዲያ ገበሬው ማዳበሪያውን ይቀንስ? እንዲህ ብሎ የሚመክር ሰው ጎጃምን አያውቅም። ጥያቄው የተጨመረው ማዳበሪያ እህል ሆኖ ይወጣል ወይ ነው። ማቻክል፣ ጎዛምን፣ አዊ ውስጥ ሰፊው መሬት አሲዳማ ነው። የአፈሩ የአሲድነት መለኪያ፣ ፒኤች፣ ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየሙና ብረቱ ፎስፈረሱን ጨብጠው ይይዙታል፤ ሥሩም ያጥራል። ገበሬው በዕዳ ያመጣው ማዳበሪያ አፈር ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ያ ማሳ በ50 ፈንታ 30 ኩንታል ቢሰጥ፣ ያው 705 ኪሎ ለ30 ይካፈላል፣ በኩንታል 23 ተኩል ማለት ነው።

መድኃኒቱ ኖራ ነው። መጠኑ በአፈር ምርመራ ይወሰናል፤ ብዙውን ጊዜ በሄክታር ከ20 እስከ 40 ኩንታል ይደርሳል። ኖራም ቢሆን ነፃ አይደለም። 30 ኩንታል ኖራ አፈር ውስጥ ሲሟሟ እስከ 1,320 ኪሎ ካርቦን ይለቃል። አምስት ዓመት ካገለገለ በዓመት 264 ነው። 705 ላይ ደምሩትና ለ50 ኩንታል አካፍሉት፤ 19 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ከ23 ተኩሉ ይሻላል፤ ገበሬው ደግሞ 20 ኩንታል በላይ አገኘ። ኖራውን ቆጥሮ ከዚህ የማይደርስ ማሳም አለ፤ ለዚህ ነው ምርመራው የሚቀድመው።

ኖራን የሚገድለው ትራንስፖርቱ ነው። ሩብ ሄክታር ላላት ማሳ እንኳ ከ5 እስከ 10 ኩንታል ያስፈልጋል፤ ከአስፋልቱ ወዲህ በአህያ ነው። ለዚህ ነው ቀበሌ መጋዘን ደጃፍ ተቆልሎ ዝናብ የሚመታው። የኖራ ድንጋዩ ያለው ደግሞ ደጀን፣ መንገዱ ላይ ነው። ያ ባዶውን የሚመለሰው ተሳቢ በአጠገቡ ያልፋል! ዱቄቱ በብዛት የሚጓዘው ከጥር እስከ ሚያዝያ ቢሆን፣ ኖራ ደግሞ ከዘር በፊት ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ከአፈር ጋር መቀላቀል አለበት። ጊዜው እጅና ጓንት ነው። አንድ መኪና ኖራ ከ10 እስከ 20 ሄክታር ይሸፍናል። የሚበላሸው የት ነው? ኖራ የጫነ የመኪና መጫኛ ሳይጠረግ ዱቄት ይጫንበታል። ወለሉ ላይ ሸራ ማንጠፍ፣ ኖራውን በከረጢት ብቻ መጫን፣ ከዚያ ጠርጎ በደረቅ ጨርቅ መወልወል ይበቃል። በውሃ ታጥቦ ሳይደርቅ ከተጫነ ግን ዱቄቱ ይሻግታል።

ካርቦኑን እዚህ ላይ ልተወው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሚዛኑ ነው።

ፋብሪካው ሰብሳቢዎች አሉት፤ ሰብሳቢው ገበያ ቀን ሚዛን ይዞ ይቀመጣል። በኪሎ ይገዛል፣ እርጥበት አይለካም። አሁን ሁለት ገበሬዎች አስቡ። አንደኛው በቆሎውን ሸራ ላይ አስጥቶ 13 በመቶ አድርሶታል። ሁለተኛው በ17 በመቶ አመጣው። የሁለተኛው 100 ኩንታል ወደ 13 በመቶ ሲወርድ 83 ሲካፈል ለ87 ነው፣ ማለትም 95.4 ኩንታል። 4.6 ኩንታሉ ውሃ ነበር። ስለዚህ አድርቆ ያመጣው ሰው በየመቶው ከ4 ኩንታል ተኩል በላይ ተቀጣ። በሚቀጥለው ዓመት ማን ያደርቃል? የጎጃም ዝናብ በነፃ ይዘንባል፤ ፋብሪካው ግን ገዝቶ መጋዘን ያስገባዋል። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ማለት ይህ ነው።

ከ14 በመቶ በላይ ያለ በቆሎ ተከምሮ ሲቀመጥ ይሞቃል፣ ነቀዝ ይፈላበታል፣ አስፐርጊለስ የሚባለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርትበታል። ከዚያ የጥራት ክፍሉ «ገበሬዎቻችን ግንዛቤ የላቸውም» ብሎ የሥልጠና በጀት ይጠይቃል። ገበሬውማ ግንዛቤ አለው፤ ሚዛኑን በደንብ ገብቶታል።

ማስተካከያው ይህ ነው። ዋጋ በ13 በመቶ ላይ ይቆረጣል። የሚከፈልበት ክብደት የተመዘነው ሲባዛ ከ100 እርጥበቱ ተቀንሶ፣ ሲካፈል ለ87። ሰብሳቢው ቀመር አያስፈልገውም፤ ከ12 እስከ 18 በመቶ ያለው ተሰልቶ በአንድ ገጽ ታትሞ ሚዛኑ ላይ ይለጠፍ፣ ገበሬውም የሚያነበው ይሁን። 12 በመቶ ያመጣ በ100 ኩንታል ላይ 1.1 ኩንታል ተጨምሮ ይከፈለው። ያኔ ሸራውን ማንም ሳይሰብከው ይገዛል። መለኪያው መሣሪያ ከሌለ የጨው ዘዴ አለ፤ በፀሐይ በደንብ የደረቀ ጨው፣ ደረቅ ንጹህ የብርጭቆ ጠርሙስ። ጠርሙሱን አንድ ሦስተኛ በቆሎ ሙሉት፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ጨው ጨምሩበት፣ አንድ ደቂቃ ናጡት፣ ሩብ ሰዓት አስቀምጡት። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ ከ15 በመቶ በላይ ነው። ካልተጣበቀ ግን 13 ነው ማለት አይደለም፤ ከ15 በታች መሆኑን ብቻ ነው የሚናገረው። በዚህ የሚታለሉ ብዙ ናቸው።

ስለ ከረጢቱም አንድ ነገር። እኛ ጨርቁንም ይዘቱንም «ማዳበሪያ» ነው የምንለው፤ ቋንቋው ራሱ ችግሩን ያሳያል። ዩሪያ የነበረበት ከረጢት ተራግፎ በቆሎ ይሞላበታል። ፋብሪካው የራሱን ንጹህ ከረጢት ለሰብሳቢ ካልሰጠ፣ ገበሬው ቤት ያለው ያው ነው። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርቡ ፒክስ ከረጢት ደግሞ ለነቀዝ ፍቱን ነው፤ ውስጥ ሁለት ፕላስቲክ፣ ውጭ ሽምኑ። አየሩን አስወጥቶ እያንዳንዱን ድርብ ለብቻ ጠምዝዞ፣ አጥፎ ማሰር ነው። ውስጥ ያለው ነቀዝ ኦክስጅን ሲያልቅበት ይሞታል፣ መድኃኒት አያስፈልግም። ይህም ፎስቶክሲን ክኒን ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ከረጢት ላይ ከማድረግ ያድናል፤ ከክኒኑ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። ፒክስ የሚከሽፈው እርጥብ እህል ሲገባበት፣ የቆረቆንዳ ስባሪ ሲበሳው፣ አይጥ ሲደርስበት፣ ወይም በየሳምንቱ ሲከፈት ነው።

አሁን ወደ ኋላ መከታተሉን። ፋብሪካው መጋዘን ግቡ፣ አንድ ከረጢት ምረጡ፣ «ይህ ከማን መጣ?» በሉ። ሰብሳቢው ስም ላይ ከቆመ፣ ሰንሰለቱ እዚያ ተበጥሷል። ቀጥሎ ድምሩን ፈትሹ። አንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር 300 አባላት አሉት፣ እያንዳንዱ ግማሽ ሄክታር በቆሎ ይዘራል፣ 50 ኩንታል በሄክታር። በጠቅላላው 7,500 ኩንታል። ቤተሰብ የሚበላውና ለዘር የሚቀመጠው ሳይነሳ ማለት ነው። መዝገቡ ላይ 9,000 ኩንታል አስረከበ የሚል ካለ፣ ልዩነቱ ከሌላ ቦታ የመጣ እህል ነው። ሌብነት ላይሆን ይችላል፤ ነጋዴ አስገብቶት ይሆናል። ግን «ከአባላት ገበሬዎች» የሚለው መለያ ሐሰት ሆነ።

ናሙና ሲወሰድም ከላይ ካለው ከረጢት አንድ ጭብጥ ማውጣት ዋጋ የለውም። ከ10 እስከ 100 ከረጢት ካለ ከ10ሩ፤ ከ100 በላይ ከሆነ የቁጥሩን ስኩዌር ሩት ያህል፣ ለ400 ከረጢት ከ20ው። ጫፉ የሾለ ባዶ የብረት ቱቦ እየተወጋ ከላይ፣ ከመካከል፣ ከታች። ሻጋታ በእኩል አይሰራጭም፤ ጥቂት የተበላሹ ፍሬዎች መኪናውን ሙሉ ሊበክሉት፣ ናሙናው ግን ሊስታቸው ይችላል።

አሁን ኦዲተር ሁሉ የሚረሳው ጥያቄ። መኪና በር ላይ ደረሰ፣ ተመረመረ፣ አፍላቶክሲን ተገኘበት፣ «አንቀበልም» ተባለ። ሪፖርቱ ላይ ይህ ጥሩ ዜና ነው፣ የጥራት ቁጥጥሩ ሠርቷል። መኪናው ግን የት ገባ? አይጣልም። ነጋዴው ገንዘቡን አፍስሶበታል፤ እዚያው ከተማ ገበያ ላይ በርካሽ ይራገፋል፣ ወይም ለከብት መኖ ይሄዳል። ላሟ ከበላችው መርዙ መልኩን ቀይሮ ወተት ውስጥ ይገባል። ቢቆላም ቢቀቀልም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ስለዚህ ፋብሪካው ንጹህ ዱቄት ለአዲስ አበባ ልኮ የተበከለውን ለራሱ ሠራተኞች ጎረቤት አስቀርቷል፤ ይህን ዘላቂነት ለማለት አፌ አይደፍርም።

ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። የተመለሰው በእርጥበት ብቻ ከሆነ፣ በሩ ላይ ማድረቂያ ወይም ሰፊ የሲሚንቶ አውድማ ይኑር፤ በክፍያ ይድረቅና ይግባ። በአፍላቶክሲን ከሆነ ማድረቅ አያጸዳውም። የተሰበረውንና የጠቆረውን ለቅሞ እንደገና መመርመር አንድ መንገድ ነው፤ ካልወረደ ፋብሪካው ራሱ በትንሽ ዋጋ ገዝቶ ከምግብ ሰንሰለት ማውጣት፣ ማቃጠል ወይም መቅበር አለበት። ያስከፍላል። ስንት እንደሚያስከፍል ሲታወቅ፣ ሚዛኑ ላይ እርጥበት መለካት ምን ያህል ርካሽ እንደነበር ይገባል።

ዘበኛው ጋ ያለው የበር መዝገብ አሁን ሰሌዳ፣ ሰዓትና የሾፌር ስም ብቻ ነው የሚይዘው። ሦስት ዓምድ ይጨመርበት፦ እርጥበት፣ የተመለሰበት ምክንያት፣ የሄደበት። ሦስተኛው መጀመሪያ ባዶ ነው የሚሆነው፤ ሾፌሩ አይናገርም። ሁለት መቶ ብር የማድረቂያ ቅናሽ ለሚናገር ሾፌር ሲሰጥ ግን መሙላት ይጀምራል። በሚቀጥለው ክፍል የከረጢቱን ወጪ እናሰላለን፤ ሰላም ሁኑ።